ጽዋው ወደ ውድነሽ ቤት ሄደ

ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፤ ደብረ ማርቆስ።

ታላቅ እኅቴ ውድነሽ፣ አንድ ልጇ ጣሊያንን ሊወጋ ዱር ቤቴ ካለ ወዲህ ያለ ጧሪ ቀርታለች። ዓይኗ ደክሟል። ወደ ቤቴ እንድትመጣ ብለምናት፣ «ልጄ ሲመለስ ባዶ ቤት ይጠብቀው?» ትለኛለች። ጎረቤት የሚልክላትን ምግብም «ለማኝ አይደለሁም» ብላ ትመልሳለች።

ዛሬ የሚካኤል ማኅበራችን በእኔ ቤት ነበር። የሚቀጥለውን ወር ጽዋ ውድነሽ ታንሣ፣ ድግሱን ግን የማኅበሩ ሴቶች ወሩን ሙሉ ቤቷ ድረስ እየሄዱ ያሰናዱላት ብዬ አሳብ አቀረብሁ። ባለ ተራ ማኅበርተኛን ማገዝ ወግ ነው፤ ምጽዋት የሚለው የለም። ከማኅበርተኞቹ አንዷ እማሆይ ጥሩወርቅ ሳቁና፣ «አይ አለቃ፣ ይቺን ተንኰል ደግሞ ከየትኛው መጽሐፍ አገኟት?» አሉኝ። ሁሉም ተስማሙ።

ጽዋውን ይዘን ሄድን። ውድነሽ በሁለት እጇ ተቀብላ ተሳለመችው፤ ወዲያውም ሴቶቹን ማዘዝ ጀመረች። «ነገ በጠዋት ኑ! እኔ እንደናንተ ቅራሪ አላጠጣም!»

ከወሩ በኋላስ? እግር አንዴ መንገዱን ከለመደ አይቀርም፤ በዚህ አልጠራጠርም።

ስወጣ በሩን ልዘጋ ብል፣ «ተወው ወንድምዓለም፣ ክፍት ይሁን» አለችኝ። ክፍቱን ተውሁት።