ሳይፈስ ስለሚጠፋው ውኃና ማኅተም ስለተመታበት ካርቶን

ለጤና ጣቢያችን የተሽከርካሪ ስምሪትና ንብረት ኃላፊ
ለክቡር ኦቦ ባጫ
ሱሉልታ

ክቡር ሆይ፣ አካም ጂርቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ራስዎን አያግልዎትም? አፍዎ አይደርቅም? ጠዋት ሲነሱ ነጭ ጭስ አያስልዎትም? ይህን ሁሉ የምጠይቀው እኔ ያደታ ከመናኸሪያው ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ስፈታ የኖርኩ መካኒክ በመሆኔ ነው፤ የማገኘውን ሁሉ አስቀድሜ ሙቀቱን መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። እርስዎ ደህና ከሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የቀረነው እንደ ምንም እንሆናለን።

ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ጽፌልዎት ሦስቱም ማኅተም የላቸውም ተብለው ተመልሰውልኛል። ምናልባት ጥፋቱ የቋንቋው ይሆን ብዬ ይህን በአማርኛ ጻፍሁት። ግልጽ ደብዳቤ አድርጌ አደባባይ ያወጣሁት ደግሞ የአምቡላንሱን ሾፌር ዲኖን ለማሰናበት ሰኞ ጠዋት የሚሰበሰበውን የዲሲፕሊን ኮሚቴ እርስዎ ራስዎ እንደሚመሩት ስለሰማሁ ነው። ሰውዬው ከመሰናበቱ በፊት ምስጋናዬን ላድርስ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ግንቦት ላይ ዲኖ አምቡላንሱን ይዞ ወደ እኔ መጣና ውኃው በየሁለት ቀኑ እንደሚጎድል፣ ከሥር ግን አንዲት ጠብታ እንደማያይ አጫወተኝ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ሞተሩን ባስነሣው፣ ገና ሳይሞቅ ውኃው እንደ ሽሮ ይንተከተካል። የዘይቱን ክዳን ሳነሣ ከውስጥ በኩል ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። ጭሱ ነጭ ነው። ይህን ለመረዳት ዲፕሎማ አያስፈልግም፤ ቴስታታ በምንለው በሞተሩ ራስና በታችኛው አካሉ መካከል ያለችው ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኗ፣ ተበልታለች። ውኃው መሬት ላይ የማይፈሰው ሞተሩ ራሱ እየጠጣ በጭስ ስለሚያወጣው ነው ብዬ ጽፌ ሰጠሁት፤ መኪናውን ለሁለት ቀን ብቻ እንድትሰጡኝም ለመንሁ። እርስዎ ግን በችኮላ የሚወስኑ ሰው አይደሉምና ሁለት ወር አሰቡበት።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርምርዎ አመሰግናለሁ። አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቁመው፣ የግሉኮስ ካርቶን አስቀድደው ሞተሩ በጠፋው አምቡላንስ ሥር አንጥፈው አሳደሩት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ምንም ስላልተገኘ መኪናው ውኃ አያጎድልም ብለው ደመደሙ። «ደረቅ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ቃል እዚያው ካርቶኑ ላይ ተጽፎ አምስታችሁም ፈረማችሁበት፤ የእኔ ሦስት ደብዳቤ ያጣውን ክብ ማኅተም ካርቶን አገኘው። ይህም አልበቃዎትም፤ ዲኖ በየቆመበት እያነጠፈ ንጽሕናውን እንዲያስመሰክር ካርቶኑ ከመኪናው ጋር እንዲጓዝ አዘዙ። በሃያ ሁለት ዓመት ብዙ ዓይነት ምርመራ አይቻለሁ፤ የተኛ ሰው አላነከሰምና እግሩ ደህና ነው የሚል ሐኪም ግን ያየሁት በእርስዎ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍርድዎ። ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ውኃውን የወሰደው ሰው መሆን አለበት፤ ሰው ከተባለ ደግሞ ዲኖ ነው። በማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ላይ ዲኖ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ፣ ኩላንቱን፣ እየቀዳ ለባጃጅ ሾፌሮች ሸጧል ብለው የጻፉትን ያነበብሁ ዕለት ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ክቡር ሆይ፣ በከተማችን የሚሮጡት ባጃጆች በነፋስ የሚቀዘቅዙ ናቸው፤ ራዲያተር የላቸውም። ለባጃጅ ኩላንት መሸጥ ለእባብ ጫማ መሸጥ ነው፤ ዲኖ ይህን ችሎ ከሆነ ሾፌር ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል፣ የእርስዎን ወንበር ሊይዝ የሚገባው ሰው ነው። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ። በዚያው ደብዳቤ ዲኖ ከወንበሩ ኋላ የሚይዘውን የውኃ ጄሪካን የስርቆት መሣሪያ ነው ብለው ነጥቀው መጋዘን ቆልፈውበታል።

የሚቀጥለውን ግን አራተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም።

ሐምሌ ሃያ ሁለት ቀን ከቀትር በኋላ እህቴ ላሊሴ ምጥ ጠንቶባት ከጤና ጣቢያው ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተላከች። አዋላጇ ማሪቱና እኔ አብረናት ነበርን። የእንጦጦን ዳገት ሳንጨርስ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ተጋደመ፤ ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ቆመ፤ ከፊት የፈላው እንፋሎት ወደ ውስጥ ገብቶ ቢያፍነን ላሊሴን ደግፈን አወረድናት። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ ሞተሩ ውስጥ ግን አንድ ኩባያ ውኃ የለም። ዲኖ ሸሚዙን አውልቆ ከቦዩ ጎርፍ እየነከረ ራዲያተሩ ላይ ሊጨምቅ ሞከረ፤ መቅጃ እንኳ አልነበረንም። ጄሪካኑ ቢኖር ጓርኒሲዮኗ ትድን ነበር አልልም፤ ሙያዬን አልዋሽበትም። ነገር ግን ጥቂት አቀዝቅዘን፣ ሞልተን ጫፉ ላይ ብንደርስ ኖሮ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ መኪና ያለ ሞተርም ይወርደዋል። ሌላ አምቡላንስ የደረሰልን ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው። ሴት ልጅ ነበረች። አላለቀሰችም።

እርስዎም ለቅሶ መጥተው፣ ከድንኳኑ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለውናል፤ ስለዚህም እናመሰግናለን። በማግሥቱ ግን የእግዚአብሔርን ፈቃድ ወደ ዲኖ አዛውረውት፣ ውኃ ሳይሞላ በማሽከርከር ለሞት ምክንያት ሆኗል ብለው ከሰሱት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ውኃ አያጎድልም ብለው ለፈረሙለት መኪና ውኃ አልሞላም ብለው ሰው ይከስሳሉ፤ ሁለቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው፤ ያ እጅ የእህቴን እጅ ጨብጦ አጽናንቷል። እኔ ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ፤ እርስዎ ግን ደህና እንደሚያድሩ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። መኪናው ግቢያችሁ ውስጥ ቆሟል፤ ሰኞ ጠዋት መፍቻዎቼን ይዤ ልምጣና ቴስታታውን በኮሚቴው ፊት ልፍታው። ጓርኒሲዮኗ ሙሉ ሆና ከተገኘች ዲኖን አሰናብቱት፣ እኔንም ስም በማጥፋት ክሰሱኝ። ተበልታ ከተገኘች ግን ማን መሰናበት እንዳለበት ለኮሚቴው መንገር የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ሰብሳቢው እርስዎ ነዎትና እርስዎ ይንገሩት።

የማይጋል ራስ፣ የማይነጥፍ ውኃና እርስዎ የሚያሰማሩት አምቡላንስ የማያስፈልግበት ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሣው፣

ያደታ፣ መካኒክ
የሟቿ አጎት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዲኖ ካርቶኑን ለሰኞው ጉባኤ በማስረጃነት እንዲያቀርብ በጽሑፍ አዘውታል። እሱን አያስጨንቁት፤ ካርቶኑ እኔ ዘንድ ነው። ያን ዕለት የአምቡላንሱ ቃሬዛ ከመቆለፊያው አልላቀቅ ስላለ፣ ማሪቱ ላሊሴን ጭቃው ላይ ላለማስተኛት ከመኪናው ያገኘችው እሱን ብቻ ነበር። ሰኞ አመጣልዎታለሁ። አምስቱም ፊርማዎች ይነበባሉ፣ ማኅተሙም አለ፤ «ደረቅ ሆኖ ተገኝቷል» የሚለው ላይ ግን የእህቴ ደም አለበት።