የቤት ሥራ ልታወርድ ጉብታ ስለወጣችው ተማሪ

ለክቡር ርዕሰ መምህራችን ለአቶ አለምነው
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ በሼሆቹ ዱዓም በቄሶቹ ጸሎትም ደህና ነን፤ ብርዱም ኔትወርኩም እንደሚያውቁት ነው።

ሰሞኑን መናኸሪያ የአቀስታ ሚኒባስ ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ ለጓደኛው «የዛሬ ተማሪ ምን ጎደለበት፣ ትምህርቱ ኪሱ ውስጥ አይደል!» ሲለው ሰማሁ። እውነቱን ነው ብዬ ተቀበልኩ። ትምህርትን ከሰሌዳ አውርደው ኪስ ውስጥ የከተቱልን እርስዎ ስለሆኑም ምስጋናዬን በይፋ ላቀርብ ተነሳሁ። ኪስ የሌለው ተማሪ ካለ ጥፋቱ የልብስ ሰፊው ነው።

አንደኛ፣ የቤት ሥራ በቴሌግራም ብቻ እንዲላክ ስላዘዙ እናመሰግናለን። ድሮ ተማሪ የሚፈራው የወንዝ ሙላትና የመምህር አለንጋ ነበር፤ ዛሬ የሁለቱንም ቦታ ኔትወርክ ሲደክም ስልክ ላይ የምትሽከረከር አንዲት ክብ ይዛዋለች። ጎረቤቴ እቴቴ ከድጃ የሚያሳድጓት የልጅ ልጃቸው ኡምኩልሱም አሥረኛ ክፍል ናት። ቤታቸው ያለው ስልክ ከማነጋገር በቀር ሌላ ሙያ የለውም። ስለዚህ ማክሰኞ ማለዳ ከአንድ ጎረቤት ስልክ ተውሳ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣች። የፊዚክሱ ጥያቄ ወርዶ እስኪያልቅ ጭጋግ ውስጥ ቆማ ጠበቀች፤ እሷ ስትወርድ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቷል። ትምህርት ፍለጋ ሄዳ ከትምህርት ቀረች ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ጥበብ በእኛ ዘመን የሚያስተምር አልነበረም።

ሁለተኛ፣ የቀሪዎችን ስም በየቀኑ በወላጆች ግሩፕ ስለሚያስለጥፉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ግሩፑ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ወላጆች፣ እንደሚያውቁት፣ ጂዳና ኩዌት በሰው ቤት የሚሠሩ እናቶች ናቸው፤ ደህና ስልክ ያላቸው እነሱ ናቸውና። ስለዚህ እቴቴ ከድጃ እዚሁ ሆነው ያልሰሙትን የኡምኩልሱም እናት ጂዳ ሆና ሰማች። ወዲያው በድምፅ መለሰች፣ ግሩፑም በሙሉ አደመጠ፦ «ወላሂ፣ እኔ እዚህ ወገቤ እስኪቆረጥ የሰው ወለል የምፈገፍገው አንቺ እዚያ እንድትዞሪልኝ ነው? ትምህርቱ ካልሆነልሽ ፓስፖርትሽን አውጪና ነይ፣ አብረን እንፈግፍግ!»

እኔ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ የስልኩን ድምፅ ቀነስኩ።

ሦስተኛ፣ ግሩፑ ውስጥ ተማሪ እንዳይገባ መከልከልዎ የሚደነቅ ነው፤ በድሮው ችሎት እንኳ ተከሳሽ ቆሞ ይናገር ነበር። ልጅቱ በአያቷ ስልክ ልታስረዳ ሞክራ ነበር። እናቷ ግን እሷ በተማረችበት ጊዜ ጉብታ ላይ የሚሰጥ ትምህርት እንዳልነበረ ነግራት ዘጋችው። እቴቴ ከድጃም «ልጄ ውሸት አታውቅም» ቢሉ፣ አያት ለልጅ ልጅ ምስክር አይሆንም ተባሉ። ሐሙስ ዕለት ኡምኩልሱም ጉርድ ፎቶ ተነሳች፤ ሰኞ ለፓስፖርት ደሴ ትሄዳለች።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ጊዜ ካገኙ፣ ልጅቱ ማክሰኞ የት እንደነበረች የሚመሰክር አንድ መስመር ግሩፑ ላይ እንዲጽፉልን በትሕትና እንለምናለን። ካልተመቸዎትም አንቀየምም፤ አንድ ወንበር ባዶ ቢሆን ክፍሉ ይሰፋል።

የሥልጣኔዎ ተጠቃሚ፣ ትእዛዝዎን ሳይጠይቅ ፈጻሚ፣ ጉብታውን ከደጁ ሆኖ የሚያይ ትሑት ጎረቤትዎ
ወንድዬ

ማስታወሻ፦ ስልኩን ያዋሳት ጎረቤት ማን ይሆን ብለው እንዳይደክሙ፣ እኔ ነኝ። የግሩፑን አስተዳዳሪነት ሲሰጡኝም በደስታ የተቀበልኩት እኔው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ታዛዥ ሰው መርጠዋልና ኮርተው ይኑሩ። ኡምኩልሱም ስልኩን መርቃኝ ከመለሰችልኝ በኋላ እርስዎ የላኩት የቀሪዎች ስም ገባ። ስሟን አየሁት። እንደ ወትሮው ለግሩፑ አስተላለፍኩት። ለእርስዎ ይህን ሁሉ ጻፍኩ፤ ለእናቷ እስካሁን አንድ መስመር አልጻፍኩም።