መጀመሪያ ስማችሁን ተናገሩ

ወልዴ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ሁለተኛውን ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታን፣ ትናንት ዋልን። ደህና ነኝ፤ ቤቱም ደህና ነው። ሲያስመርርህ የኖረው ጣሪያ ተቀይሯል፤ ከእንግዲህ የስፌት መኪናህ ላይ ዝናብ አይንጠባጠብም። መኪናውን ልግዛ ብሎ የመጣውን ሁሉ ከበር መልሼዋለሁ።

ትልቁን ወሬ ልንገርህ፤ አሠልጣኝ ሆኛለሁ። አትሳቅ። ከዱቦ በሚኒባስ የምትመጣ አንዲት ነርስ፣ የእድራችንን አረጋውያን ሰብስባ የመርሳት ሕመም የያዛቸውን ሰዎች እየሄድን እንድናግዝ ታሠለጥነናለች። አንተን እንዴት እንዳስታመምኩ ስነግራት፣ ነይ አብረን እናስተምር አለችኝ። እኔም አልተግደረደርኩም።

ትዝ ይልሃል፣ ሊጠይቅህ የሚመጣው ሁሉ ገና ሳይቀመጥ «አወቅከኝ? እስቲ ማን ነኝ?» ሲልህ? በፍቅር ነው፤ የአገራችን ጥየቃ እንዲህ ነው። ጠያቂ አያሳጣን እንላለን፤ ጠያቂው ግን ይፈትንህ ነበር። አንተ ላብ በላብ ትሆናለህ፤ እንግዳ ማሳፈር ስለማትወድ «እንዴት አላውቅህም!» ትልና በዓይንህ እኔን ትፈልጋለህ። በኋላ ብልሃቱን አገኘሁት። እንግዳው በሩን ሳያልፍ ጮክ ብዬ «ዳና መጣ፣ የጉኑኖው ጓደኛህ!» እላለሁ፤ ፊትህ ያኔውኑ ይፈታል። ዛሬ የምናስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው፤ መጀመሪያ ስማችሁን ተናገሩ፣ አትፈትኑ።

ይህን ለሽማግሌ ማስተማር እንዴት ያለ መከራ መሰለህ! መምህር ጴጥሮስን ታውቃቸዋለህ፤ ተማሪ ሲፈትኑ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ለልምምድ ነርሷ እንደ ታማሚ ሆና ተቀመጠች። ስማቸውን በደንብ ነገሯት፤ ጎሽ ልንል ስንል «እሺ፣ አሁን ማን ነኝ አልኩሽ?» ብለዋት አረፉ። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

የኔ ጭንቀት ግን ዳና ነበር። አዎ፣ ያ ጓደኛህ፤ ያንተው ሕመም ይዞታል። አማርኛው ጠፍቶበት ወላይትኛው ብቻ ቀርቶለታል። ለቅሶ ቤት «ማን ነኝ?» እያሉ ሲያፋጥጡት፣ አንዱን ሰው በሟች ወንድሙ ስም ጠራውና ተሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ማርታ በሩን ዘጋች። አልፈረድኩባትም። ዳና ግን ሰው እንደናፈቀ ቤት ተዘግቶበት እንዲቀር አልፈልግም። ለጊፋታ ሥጋ ከጎረቤት ጋር እንዲቀመጥ ለምኜ ለምኜ ፈቀደችልኝ፤ አንድ ሰው ቢስቅበት ግን ሁለተኛ ከደጅ እንደማይወጣ ቁርጡን ነገረችኝ።

ትናንት መጣ። ሥጋው ሲቀርብ ያሠለጠንናቸው ሁሉ ተራ በተራ ተጠግተው፣ በወላይትኛ ሰላምታ «ሳሮ ዳና፣ እኔ እከሌ ነኝ» አሉት። መምህር ጴጥሮስም ስማቸውን ተናግረው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ተቀመጡ። ዳና በላ፤ ዳጣው አቃጥሎት እፍ እፍ አለ። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከተና በወላይትኛ ጠየቀኝ፦ «ወልዴ ዛሬ ለምን ቀረ?»

ማርታ አቀረቀረች። በየጊዜው አዲስ መርዶ አታርዷቸው እያልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ፤ መዋሸት ደግሞ አልወድም። «ወልዴ እኔንም ናፍቆኛል፤ እስቲ ስለሱ አጫውተኝ» አልኩት። ለሠርጉ የሰፋህለትን ሱሪ አነሳብህ። የሱሪው አንዱ እግር አጥሮ ሳለ «ሙሽራዋ እያለች ማን አንተን ያያል?» ብለህ ሸኝተኸው ኖሯል! ከሁሉ በላይ የሳቀችው ሙሽራዋ ራሷ፣ ማርታ ናት። የተሳቀው ባንተ ነበር እንጂ በዳና አልነበረም። ስንለያይ ማርታ፣ ቤቴም ኑ አለችን።

በጣም ናፍቀኸኛል ወልዴ። ለዳና አንተ ዛሬ ቀርተህ ነው እንጂ አልሞትክም፤ እሱ ዘንድ ስሄድ ትንሽ አገኝሃለሁ። እኔ አልረሳህም። ምናልባት ይህ ሕመም አንድ ቀን እኔንም ቢይዘኝ እንኳ አትስጋ፤ ሰዎቹን ራሴ አሠልጥኛቸዋለሁ። በሬን አንኳኩተው ስማቸውን ይነግሩኛል፤ ቀጥለው ስላንተ ያጫውቱኛል።

ያንተው ዘነበች