አልታመምኩም፣ ከሳሁ እንጂ

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ዛሬም ላንቃሞ ጋሪውን በራችን ላይ አቁሞ ጠበቀኝ፤ ዛሬም በእግሬ አለፍኩት። «እትዬ አልማዝ፣ እኔስ ከፋኝ፣ ፈረሱ ግን ስለቱ ደርሶለታል» አለኝ። እየሳቅሁ መሃል ከተማ ቢሮዬ ደረስኩ። አንድ ጊዜም ሳላርፍ። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ቦታ ዛፍ ይዤ እቆም ነበር።

ቅዳሜ ክሊኒክ ቀጠሮ አለኝ። የዛሬ አራት ሳምንት ሲስተር ክንዴን አስራ ስትለካኝ ፊቷ ተለወጠ። ደም ግፊት። «ክብደትዎም በዝቷል። በወር ውስጥ ካልወረደ ኪኒን እንጀምራለን፤ ከተጀመረ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይቆምም» አለች። የፈራሁት ኪኒኑን አይደለም። እናቴ በዚሁ በሽታ ግማሽ ጎኗ ሞቶ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ነበረች፤ ያገላበጥኳት እኔ ነኝ። ልጄ ዳንኤል ከብሔራዊ ውትድርና ሲመለስ እኔን እንዲያገላብጥ አልፈልግም። በሩን ራሴ ቆሜ ነው የምከፍትለት።

«ሁሉንም በአንድ ቀን አይተዉ፣ ትንሽ ትንሽ ይቀይሩ» ብላኛለች። ይኸው የያዝኩት፦

ሻይ ያለ ስኳር። (ለመድኩት ብዬ አልዋሽም።)
ጨው በቁንጥጫ። ቅቤ እሑድ ብቻ።
እራት ሳይመሽ፣ አንድ እንጀራ። ሁለተኛዋን ዞር ብዬ አላያትም።
ቢሮ በእግር። ከዚያ በፊት ደግሞ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ድረስ ሄዶ መመለስ።

ባለቤቴ በቀለ ያጉረመርማል። «ሱቄ የሚመጣው ሁሉ ሚስትህን ምን ነካት ይለኛል። አያበላትም ሊሉኝ ነው» ይላል። ያለ ቅቤ የሠራሁትን ዓሣ ግን አጥንቱ እስኪቀር ጠርጎ በላ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15

ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ። ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩና ድርሻዬን ለዘይነባ ሰጠኋት። ዘይነባ ሃያ ዓመት ግድግዳ የተጋራን ጎረቤቴ ናት። ደስ ይላታል ስል ትክ ብላ አየችኝ። «የተሰለፉበትን ስኳር የሚያድል ሰው ጤነኛ ነው? ወላሂ፣ እንዲህ የሚያደርገው የሚሰናበት ሰው ነው» አለች። ሳቅሁባት።

ከሥራ በኋላ አራስ ልንጠይቅ ሄድን። ገንፎው እንደ ተራራ፣ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤው ጢም ብሏል። አፌ ምራቅ ሞላ። በቃኝ አልኩ። የአራሷ እናት «አፈር ስሆን፣ አንድ ጊዜ» አለችኝ። እምቢ። «የልጁን ገንፎ ትንቂያለሽ?» እምቢ። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ሴትዮ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ «አይዞሽ» አለችኝ። ገንፎ መተው ከባድ መሆኑ ገብቷት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

ሰማያዊው ጉርዴ ወገቡ ላይ ዞረ። በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ቁልፉን ቀኑን ሙሉ በጣቴ ስነካው ዋልኩ፤ ወርቅ ያሰሩልኝ ነው የመሰለኝ።

ቢሮ የውይይት ሰዓት ነበር። ያ ሁሉ ሰዓት ከመቀመጥ ብዬ ከኋላ ቆሜ ተከታተልኩ። ሰብሳቢው «ጓድ አልማዝ፣ ጥያቄ አለሽ?» አለኝ። «የለኝም ጓድ፣ እግሬን እያፍታታሁ ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ ሳቁን ዋጠ።

ከዳንኤል ደብዳቤ ከመጣ ሁለት ወር ሆነው። ስለዚህ ለማንም አላወራም። እኔ፣ ስለ ሁሉም ነገር የማወራው።

ሰፈር ስገባ ሴቶቹ ወሬ አቆሙ። ስለ ወገቤ እያወሩ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17



ንጋት ላይ ሸራ ጫማዬን እያሰርኩ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ከፊት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ። ከኋላቸው ሰባት ስምንት ሴቶች፣ ነጠላቸውን ተከናንበው። አንድም ሰው እንደምን አደርሽ አላለም። ልጁን ወታደር ቤት የላከ ሰው፣ በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። መርዶ ነው። «ዳንኤል» ብዬ ደጃፉ ላይ ተዘረጋሁ። እኔ ስጮህ እነሱም ጮኹ። በቀለ በፒጃማው ወጥቶ ደረቱን ይመታ ጀመር።

መጀመሪያ የነቁት ጋሽ ወልዴ ናቸው። «ቆዩ እስቲ። ማን ነው የሞተው?» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ አይደለሽ የሰማሽው?» አለች ዘይነባ።

«እኔ ምን ሰማሁ? እናንተ አይደላችሁ ልታረዱኝ የመጣችሁ?»

ለካስ እህል ትቻለሁ፣ ስኳሬን አድያለሁ፣ የአራስ ገንፎ እምቢ ብያለሁ፣ ጎህ ሲቀድ ብቻዬን ወደ ሐይቁ እሄዳለሁ። የልጇን ክፉ ወሬ ሰምታ ደብቃለች፣ ውሃው ውስጥ ሳትገባ እንያዛት፣ ብለው ነው የመጡት። በዚህ ማለዳ መምጣታቸውም ትንሽ ቢዘገዩ ለእግር ጉዞዬ ስለምወጣ ነው። የደም ግፊቴን ነገር ነገርኳቸው። ጋሽ ወልዴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው «ሰው ሲከሳ ለእድር ማስታወቅ አለበት» አሉ። ያኔ ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ ደግሞ መልሶ ለቅሶ ሆነ።

ዘይነባ ነጠላዋ ሥር ገንፎ ደብቃ ነበር የመጣችው። ብይም አላለችኝ፣ አቀረበችልኝ ብቻ። በላሁ። አስጨምሬ በላሁ። ልጄ ሞቷል ያለ ሰው የለም። በዚህ ያልተበላ ገንፎ በምን ይበላል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 18

ልቤ ከትናንት ጀምሮ አላረፈም። የወሩ ድካሜ በአንድ ጠዋት ድንጋጤና በአንድ ሳህን ቅቤ ገደል ገባ እያልኩ አደርኩ። ግን ተነሳሁ። ሰው ወደቅሁ ብሎ እዚያው አይተኛም።

በሩን ስከፍት ዘይነባ የባሏን ጫማ አድርጋ ቆማለች፤ ሌሎች ሁለት ሴቶችም አሉ። «ደም ግፊት ነው አልሽ፣ ሰማን። ግን ሐይቅ ብቻሽን አትሄጂም» አለች። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «አንቺ ይኼን በየቀኑ? ይኼስ መሞት ነው» አለች። ቆሜ ጠበቅኋት። እኔ፣ ሰው የምጠብቅ ሆንኩ።

ላንቃሞ አራታችንን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ። «እትዬ፣ ሰፈሩን በሙሉ ካስኬድሽውማ ፈረሱን ጡረታ ላውጣው» አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19

ሲስተር መለኪያውን እያሰረችልኝ የሐሙሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ለካችኝ። ከፍ ብሏል። እናቴ አልጋ ላይ ታየችኝ።

«ወሬውን ይተዉትና አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ» አለችኝ። ከስኳሩም ከቅቤውም የከበደኝ ይኼ ነው። የመስኮቱን መስታወቶች ቆጠርኩ። የምላሴን ጫፍ ነከስኩ። ደግማ ለካች።

ወርዷል። «ገና ነው፣ ግን ጥሩ ነው። ኪኒኑን ለአንድ ወር እናቆየው» አለች። ሚዛን ላይም ወጣሁ፤ አራት ኪሎ ቀንሻለሁ። ከነሐሙሱ ገንፎ።

ከዳንኤል ዛሬም ምንም የለም። እኔው ጻፍኩለት። ሁለት ገጽ ወሬ ካወራሁት በኋላ መጨረሻው ላይ እንዲህ አልኩት፦ «ስትመጣ በሩን የምትከፍትልህ ቀጠን ያለች ሴትዮ ናት፣ እንዳትደነግጥ። እናትህ ናት። አልታመምኩም፣ ከሳሁ እንጂ። እኛ ቤት ማንም አልሞተም። አንተም እንደዚሁ ብለህ ጻፍልኝ፣ አንድ መስመርም ይበቃኛል።»

ሰኞ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ። በእግሬ።