ያልታጠነ ዕቃ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ አባቴ፣ ለካሣ፤

እንዴት ከረምክ አባዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? ደም ግፊትህ ወረደልህ ወይስ አሁንም እየተደበቅክ ጨው ታበዛለህ? የእማዬስ ጉልበት ተሻለው? የደብረ ብርሃን ብርድ የድሬን ሰው እንዴት አድርጎት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ቤት ውስጥ እንኳን ካፖርትህን እንደማታወልቅ ወንድሜ ይሳቅ በስልክ ሲነግረኝ ስቄያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው፣ ናፍቆታችሁ ግን ይብሳል። ይሳቅ እዚያ አገር አባት አንቱ እንደሚባል መክሮኝ ነበር። እኔ ግን የድሬ ልጅ ነኝ፤ አንተ ስልህ ነው የምትቀርበኝ።

መልእክትህ ደርሶኛል። ይሳቅ እዚያው ደብረ ብርሃን የኬሚስትሪ መምህርነት ቦታ እንዳገኘልኝ፣ አንተም ልጄ በሰኔ ትመጣለች ብለህ ለርዕሰ መምህሩ ቃል እንደሰጠህ ሰማሁ። ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የገባው ግን "አታሳፍሪኝ" ያልከው ነው። በስልክ ልመልስልህ ብል አንተ ትቆጣለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ነገሩም ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትፈርድብኝ።

ወተት ይጠጣል እንጂ ምኑ ይጠናል ብለህ ቀልደህብኝ ነበር። እሺ፣ ስማኝ። የግመል ወተት ውስጥ ላክቶፌሪን የሚባል ነገር አለ። ጀርሞች የሚፈልጉትን ብረት ይነጥቃቸዋል፤ ለሕፃናት ሆድ መድኃኒት ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ የምንለፋው እሱን ከሌላው ለይተን ለማውጣት ነው። ቅባቱንና አይቡን ካወጣን በኋላ የሚቀረውን አጓት ሜምብሬን በሚባል ስስ ነጭ ነገር ውስጥ በፓምፕ እናሳልፋለን። ወንፊት እንዳይመስልህ፤ ወንፊት ትልቁን አስቀርቶ ትንሹን ያሳልፋል። ይሄ ግን አንተ ባቡር ላይ ትኬት ስትቆጣጠር እንደነበረው ነው። ሰዉ ሁሉ ሲያልፍ ትኬት የሌለውን ብቻ እጅጌውን ትይዘው አልነበር? ሜምብሬኑም የምንፈልገውን ይዞ ሌላውን ይለቃል። ከዚያ ጨዋማ ውሃ ስናሳልፍበት የተያዘው ይለቀቅና ለብቻው ይወጣል።

ሲወራ ቀላል ነው። ስንሠራው ግን እምቢ አለን። ሜምብሬኑ ቡናማ እየሆነ ይደፈናል፤ የምንፈልገውም ሳይያዝ ከሌላው ጋር ፈስሶ ይሄዳል። ሙቀቱ ነው ብለን ወተቱን በበረዶ አመጣነው። ውሃው ነው ብለን ውሃውን ቀየርን። መጨረሻ ላይ የሁሉም ዓይን እኔ እጅ ላይ አረፈ። አለቃዬ ዶክተር ፍራኦል ደግ ሰው ነው፤ እሱም ግን የቀረን አንድ ሜምብሬን ብቻ መሆኑንና ይሄም ከተበላሸ ሥራው እንደሚዘጋ ነገረኝ። ያንተ መልእክት የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ነበር።

በዚያ ላይ ጉንፋን ጣለኝና ሽታ የሚባል ጠፍቶብኝ ሰነበተ። ሲለቀኝ ላብራቶሪ ገብቼ የተበላሸውን ሜምብሬን ልጥል መያዣውን ስከፍተው ጭስ ሸተተኝ። የኒምኮ ወተት ዕቃ ጭስ ነው። ኒምኮን ታውቃታለህ፤ መጋላ ገበያ ወተት የምትሸጠው፣ ለላብራቶሪውም የምታቀርበው፣ አንተን ሁልጊዜ በባቡር ሥራህ የምታበሽቅህ። ወተት ከመጨመሯ በፊት እንደ እናቶቿ ዕቃውን በእንጨት ጭስ ታጥነዋለች። ወተቱ ቶሎ አይበላሽም፣ ጣዕምም ያገኛል። ለእኛ የግመል ወተት ሽታ ማለት ያ ጭስ ነው፤ ከልጅነታችን ስለለመድነው ወተቱ ውስጥ ሜምብሬኑን የሚደፍን ሌላ ነገር አለ ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ዶክተር ፍራኦል ራሱ ጠዋት ጠዋት ከናሙናው አንድ ብርጭቆ እየቀነሰ ይጠጣ ነበር።

ኒምኮ ጋ ሄጄ ባልታጠነ ዕቃ አምጪልኝ ስላት ፊቷ ጠቆረ። ለካ እነሱ ዘንድ ያልታጠነ ዕቃ ካልታጠበ ዕቃ አይሻልም። እንዲህ ያለ ወተት ለእንግዳ ቀርቶ ለጠላት እንደማትሰጥ፣ ሰው ቢሰማ ስሟ እንደሚጠፋ ነግራኝ ጀርባዋን ሰጠችኝ። በማግስቱም ሄድኩ፣ በሌላውም ቀን። መቼም ችክ ማለትን ካንተ ነው የወረስኩት። በመጨረሻ ሳቋ አመለጣትና እንዲህ አለችኝ፦

"አቦ ሳሌም፣ ዕቃው ያንቺ ከሆነ ነውሩም ያንቺ ነው። ይዘሽ ነይ።"

ጎህ ሲቀድ የላብራቶሪውን ጎድጓዳ የብረት ሳህን ውሃ ውስጥ ቀቅዬ፣ በንጹሕ ፌስታል ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ግመሎቿ ወዳሉበት ወደ መልካ ጀብዱ ወጣሁ። ወንድሟ ሰማታር ግመሏን ሲያልብ ሳህኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ኒምኮ ነውሩን ላለማየት ፊቷን አዙራ ቆመች።

የመጨረሻውን ሜምብሬን ገጠምኩ። አጓቱ አልፎ አለቀ፣ ሜምብሬኑ ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጨዋማውን ውሃ ስለቅበት ጠብ ጠብ እያለ የወጣው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነበር። የላክቶፌሪን ቀለሙ ሮዝ ነው አባዬ። የሲኒ ሥር እንኳን አይሞላም፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዶክተር ፍራኦል ወደ መስኮቱ አንስቶ ሲያየው ቆየና ሥራው እንደማይዘጋ ነገረን። ግን አንዴ መሳካት መሳካት አይደለም፤ ያንኑ ሜምብሬን እያጠብን ዓመቱን ሙሉ ደጋግመን ማሳየት አለብን። ኒምኮም ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ሳህን ይዞ እንዳይመጣባት ቁርጡን ተናግራለች።

ስለዚህ አባዬ፣ በሰኔ አልመጣም። ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ቃልህን እንዳስበላሁህም አውቃለሁ፣ ያመኛል። ርዕሰ መምህሩም ሆነ ጎረቤቱ ልጅህ የት ቀረች ሲልህ ግን አንገትህን እንዳትደፋ። ዕቃው የሷ ነው፣ ነውሩም የሷ ነው በላቸው። የሰመረልኝ ቀን ደግሞ ዝም እንዳትል፤ ያን ጊዜ የኔ ልጅ ናት በል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ይሳቅን ስለደከመልኝ አመስግንልኝ፤ እንዳይቀየመኝም አንተው አባብልልኝ። ሚስቱን ትርንጎን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ሕፃኗንም ጉንጯን ሳምልኝ። ኒምኮም ሰላም ብላሃለች። አንተ ስትመጣ ግን የምትቀዳልህ በታጠነ ዕቃ ብቻ መሆኑን ንገሪው ብላለች።

የምትወድህ ልጅህ ሳሌም
ድሬዳዋ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.