ኮምፒውተሩ አሸንፎኝ አልመለስም

ልጄ ኢስራ፣ ባለሽበት አገር አላህ በራሕመቱ ይሸፍንሽ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እዚህ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ዝናቡ አላባራም፤ የአባትሽ ጉልበት ግን ተሽሎታል።

የላክሽው ኮምፒውተር ደሜን አፈላው። ዓይነቱ ከድሮው ኮምፒውተሬ ስለሚለይ፣ በጽሕፈት ሱቄ ለዓመታት ያከማቸሁት ማመልከቻ ሁሉ ስከፍተው በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ብቻ ሆነብኝ። አማርኛ ስጽፍም እንግሊዝኛ ያወጣል! ከቢስቲማ ድረስ ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ ሽማግሌ ፊት አፈርኩ፤ በእጄ ጽፌ ሸኘኋቸው።

ቢጨንቀኝ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ከሊድን ጠራሁት። “እትዬ መዲና፣ ይሄ ለእርስዎ ይከብዳል፤ ወደ ድሮው ይመለሱ” አይለኝም? እኔን! በታይፕ ዘመን የደሴን ማመልከቻ ስመታ የኖርኩትን! “ወላሂ አልመለስም” ብዬ አሰናበትኩት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ እየነካካሁ፣ እየተሳደብኩም፣ አማርኛውን አገኘሁት። ቁልፎቹንም አንድ በአንድ ለመድኳቸው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በእሱ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። መልእክትሽን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እያደረግሽ አትላኪልኝ፤ ማንበቡ ያደክመኛል። እኔ በስልሳ ዓመቴ ፊደሌን ከዚህ ዕቃ ውስጥ ፈልቅቄ ካወጣሁ፣ ዕቃውን የላክሽው አንቺ ምን ያቅትሻል? አላህ እጅሽን ያበርታው፤ በፊደላችን ጻፊልኝ።

እናትሽ መዲና