የፍሎሪዳው ጀልባ

ለታላቅ እህቴ ለለተኪሮስ፣ አሰብ። ሰላምታዬ የአሜሪካዋን የሮቢንስዴልን በረዶ ተሻግሮ ይድረስሽ። ጉልበትሽ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን።

ልጄ ሃበን ከአማቱ ጋር ፍሎሪዳ ሄዶ ባህር ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ሰነበተ። መንጠቆ ማሰር ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ ሐይቅ ዳር። የማጥመጃ ፈቃዱን፣ ላይሰንሱን፣ ያወጡለት ግን እሳቸው ናቸው፤ ጀልባውም የሳቸው ነው። ለነገሩ ደግ ሰው ናቸው። ትናንት ደወለ።

"ባባ፣ ክንዴን የሚያህል ያዝኩ! ዳድ ባያግዘኝ ባህር ውስጥ ይከተኝ ነበር።"

ዳድ፣ አባባ እንደማለት፣ የሚለው አማቱን ነው።

"ታዲያ ምን አደረጋችሁት?"

"ለቀቅነው። የሚያዝበት ወቅት ገና ነው። ዳድ ሕግ ያከብራል።"

"አያትህ ቢሆኑ ሰፈሩን ያበሉበት ነበር።"

ሳቀ። "ለከርሞ አብረኸን ና" አለኝ።

"ባህር ያዞረኛል" አልኩት።

ባህር ላይ ያደግኩት ሰውዬ እንዲህ ማለቴን ለአሰብ ሰው አደራ እንዳትነግሪብኝ።

ልጆችሽን በየተራ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ዘርእማርያም